ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «እኩል ነን ማለት ያመጣብሽ ነው»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ጎንደር ማራኪ ነው። የ34 ዓመት መምህርት ነኝ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ከጥምቀት ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ምግብ አይጥመኝም፤ ያለ ምክንያት እንባዬ ይመጣል። ወንድሜ «እናታችን ስድስት ወልዳ እንዲህ አላለችም፤ እኩል ነን ማለት ያመጣብሽ ነው» ይለኛል። ባለቤቴ ሥራው ከቆመ ወዲህ አረቄ ቤት ያመሻል፤ ሲገባም በትንሽ ነገር ይቆጣል። እውነት እኩልነት ያሳምማል?

መልስ፦ አያሳምምም። የነገሩኝ ምልክቶች የድባቴ (ዲፕሬሽን) ይመስላሉ። ወንድምዎ ግን ሳያውቀው እኛን ሐኪሞችንም ያከራከረ ነገር ነክቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ ከ90 በላይ ከሆኑ አገሮች መረጃ ያሰባሰበ ጥናት በድባቴ የሚታመሙ ሴቶች ከወንዶች በእጥፍ ገደማ እንደሚበልጡ አሳይቷል፤ ልዩነቱ ደግሞ እኩልነት በተሻለባቸው አገሮች ሰፍቶ ተገኘ። ይህ የሆነው ግን በምርመራ የተረጋገጠው ሕመም ሲቆጠር ነው፤ የድባቴ ምልክቶች ብቻ ሲለኩ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የ15 አገሮች ጥናት እንዲያውም የሴቶች ሚና በተለወጠበት አካባቢ ልዩነቱ በወጣቶች ላይ እየጠበበ መሄዱን አገኘ።

እኔ የሚመስለኝ፣ ሴት «አሞኛል» ማለት ስትችል ትቆጠራለች። እናትዎ አላሉም ማለት አልታመሙም ማለት አይደለም። የእናቶቻችን ድባቴ ስሙ «ራሴን ፈለጠኝ፣ ልቤን አቃጠለኝ» ነበር፤ ዛሬም በጨጓራ ስም እኔ ዘንድ ይመጣል። ሌላው፣ ደመወዙ እኩል ሆነ እንጂ ጓዳው አልተካፈለም። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሽሮውን የሚሠራው ማን ነው?

የርስዎ ምልክቶች ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይተዋልና ይታከሙ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም ተመሳሳይ ድካም ስለሚያመጡ ይመርመሩ። መድኃኒት ከታዘዘልዎት ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ «አልሠራም» ብለው እንዳያቋርጡ። ጠበልም ከሄዱ መድኃኒቱን ይዘው ይሂዱ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

ባለቤትዎም ያሳስቡኛል። የወንድ ድባቴ ብዙ ጊዜ በቁጣና በመጠጥ ይሸፈናል፤ «ወንድ አያለቅስም» ተብሎ አድጓላ! በዓለም ራሳቸውን የሚያጠፉ ወንዶች ከሴቶች በእጥፍ ይበልጣሉ። «ጠጪ ሆንክ» ብለው አይጀምሩ፤ «ሐኪም ቤት ትሸኘኛለህ?» ይበሏቸው። ሚስቱን ሊሸኝ መጥቶ በሳምንቱ የራሱን ካርድ ያወጣ ባል ብዙ አይቻለሁ።