ምላጭና የመሳያ ቆዳው፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ጥያቄ፦ በጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ የተሠራ ታጣፊ ምላጭና ተንጠልጣይ የመሳያ ቆዳ ከገዛሁ አንድ ወር ሆነኝ። በየጠዋቱ መቶ ጊዜ ያህል እስለዋለሁ። ይሁንና ከቀን ቀን እየባሰበት ሄዶ ጢሜን መላጨቱን ትቶ መንጨት ጀምሯል። የተበላሸው ቆዳው ነው ወይስ ምላጩ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ቆዳውም ምላጩም ሲገዙ ደህና እንደነበሩ እንገምታለን። ጥርጣሬያችን አሳሳሉ ላይ ነው። ቆዳ እንደ ድንጋይ ብረት አይበላም። ሥራው ጢም ሲላጭ የተንጋደደውን ስስ የስለት ጠርዝ ማቃናትና ማለስለስ ነው። በደንብ የተሳለ ምላጭ ጠርዙ ላይ ያለው ውፍረት ከአንድ ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ያንሳል። እንዲህ የሳሳ ነገር ጉልበት አይችልም።

በመጀመሪያ የቆዳውን መወጠር ይፈትሹ። ላይኛውን ጫፍ ከጠንካራ መንጠቆ ላይ ሰቅለው ታችኛውን በግራ እጅዎ ይሳቡት፤ ምላጩ ሲያልፍበት መሃሉ መርገብ የለበትም። የላላ ቆዳ ምላጩ ሲጫነው ይጎደጉድና ከስለቱ ኋላ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ በዚያ ጊዜ ጠርዙን ከጎን ሳይሆን ከፊት ይመታዋል። ይህ በየቀኑ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ስለቱ ይድቦለቦላል። የእርስዎም ምላጭ የደረሰበት ይኸው ይመስለናል።

ቀጥሎ የእጅዎ ክብደት አለ። ምላጩ በራሱ ክብደት ይረፍ፤ የእርስዎ እጅ የሚያስፈልገው ለመምራት ብቻ ነው። ጀርባውና ስለቱ አንድ ላይ ቆዳውን ይንኩ። ጀርባው ከፊት ይሄዳል፣ ስለቱ ይከተላል። ጫፍ ሲደርሱ በመጀመሪያ ያቁሙ፤ ከዚያ ጀርባው ከቆዳው ሳይነሳ ምላጩን በጀርባው ላይ ያገላብጡና ይመለሱ። ማገላበጡ በጣቶች መካከል እጀታውን በማንከባለል ነው፤ አንጓዎን ከጠመዘዙ አንዱ ጎን ይነሳል። ቆዳዎ ከምላጩ ርዝመት (ብዙውን ጊዜ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ) የጠበበ ከሆነ፣ ከተረከዙ (ከእጀታው ከሚቀርበው የስለቱ ዳር) ጀምረው ወደ ጫፉ በሰያፍ ይጎትቱ። አለዚያ የምላጩ አንዱ ዳር ሳይነካ ይቀራል።

ፍጥነትን ለጊዜው ይርሱት። በየፀጉር ቤቱ የሚታየው ቻካ ቻካ የዓመታት ልምድ ያመጣው ነው፤ ጀማሪ ሲሞክረው ቆዳ ይቆርጣል። አንድ ምልልስ ማለት መሄድና መመለስ ነው። ከመላጨትዎ በፊት በሸራው (ብዙውን ጊዜ ከቆዳው ጋር አብሮ በሚንጠለጠለው ወፍራም ጨርቅ) በኩል 20 ያህል፣ በቆዳው በኩል 50 ያህል ምልልስ ይበቃል። ተላጭተው ሲጨርሱ ምላጩን አጥበው በስስ ወረቀት ያድርቁ፤ ከዚያ በሸራው ላይ 10 ጊዜ ብቻ ያመላልሱት። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ጠርዙ ላይ የቀረ እርጥበት ግን ካርቦን ብረትን በአንድ ሌሊት ያዝገዋል።

አሁን የተድቦለቦለውን ስለት ቆዳ አይመልሰውም። ከ8,000 እስከ 12,000 የልስላሴ ደረጃ (ግሪት) ባለው የመሳያ ድንጋይ ላይ እንደገና መሳል አለበት። ድንጋይ ላይ ልምድ ከሌለዎት ለሚያውቅ ሰው ይስጡት፤ ከዚያ በኋላ ቆዳውን በትክክል ከተጠቀሙበት ለወራት ድንጋይ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ የአባቴን የመሳያ ቆዳ ከሣጥን ውስጥ አገኘሁት። ደርቋል፣ ሁለት ቦታም ሰንጥቋል። ቅቤ ልቀባው ወይስ የጫማ ቀለም? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሁለቱንም አይቀቡት! ቅቤ ቆዳው ውስጥ ገብቶ ይሻግታል፣ አቧራም ይሰበስባል። የጫማ ቀለም ደግሞ ሰምና ቀለም ነው፤ የቆዳውን ፊት ሸፍኖ ምላጩ እንዲንሸራተት ያደርገዋል። ጥሩ የመሳያ ቆዳ ምላጩን በስሱ ያዝ ማድረግ አለበት፤ ያ መያዝ ነው ሥራውን የሚሠራው። ቫዝሊንም አይሆንም።

በመጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት። ከተቆሸሸ፣ ለብ ባለ ውኃ ነክረው በደንብ በጨመቁት ጨርቅ ላይ ትንሽ ለስላሳ የሳሙና አረፋ አድርገው ፊቱን ብቻ ይጥረጉ፤ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በጥላ አንድ ሁለት ቀን ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ያደረቁት ቆዳ እንደ ጣውላ ድርቅ ይላል። ከዚያ ከከብት እግር አጥንት የሚወጣውን፣ ኒትስፉት የሚባለውን የቆዳ ዘይት 3 ወይም 4 ጠብታ በጣትዎ ወስደው በስሱ ያዳርሱትና ያሳድሩት። አሁንም ደረቅ ከሆነ ይድገሙት፤ በአንድ ጊዜ ማጠጣት ግን ቆዳውን ያላሽቀዋል፣ ይለጥጠዋል፤ ዘይት ከገባ በኋላ ማውጣት ደግሞ ከባድ ነው።

ቆዳው ከዳነ በኋላ ዘይት በዓመት አንዴ ይበቃዋል። የዕለት ምግቡ መዳፍዎ ነው፦ በታጠበና በደረቀ መዳፍ ከላይ እስከ ታች 20 ጊዜ ያህል ይሹት። ሙቀቱና ከእጅ የሚወጣው ጥቂት ቅባት ያለሰልሰዋል። አጥፈው ወይም ጠቅልለው አያስቀምጡት፤ ከመታጠቢያ ቤት እንፋሎት ራቅ ብሎ ይሰቀል።

ስንጥቁ ከላይ ብቻ ከሆነ ከላይ ባለው እንክብካቤ ሊለዝብ ይችላል። ወደ ውስጥ ከዘለቀ ግን ሲወጠር ይበልጥ ይከፈታል። ቢሆንም የአባትዎን ቆዳ አይጣሉት። ያልተሰነጠቀው ክፍል 25 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ለጥ ካለ የእንጨት ሰሌዳ ላይ በማስቲሽ ይለጥፉት። ሰሌዳ ላይ ያለ ቆዳ አይረግብም፤ እንዲያውም ለጀማሪ ከተንጠልጣዩ ይቀላል።

ጥያቄ፦ ሳገላብጥ ቆዳውን ቆረጥኩት። ይጠገናል? (ከአዳማ)

መልስ፦ የተቆረጠበትን ጥልቀት ይዩ። የተነሳች ትንሽ ቅርፊት ከሆነች ከሥሯ በክብሪት እንጨት ጫፍ ጥቂት ማስቲሽ ቀብተው ይጫኗት፤ ክብደት ጭነው አንድ ቀን ያቆዩ። ከዚያ በእንጨት ላይ የተጠቀለለ ባለ 400 የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ ባለ 600 ይዘው ቦታው በጣት ዳበሳ እስኪጠፋ ድረስ ያለስልሱ፤ ብናኙንም በደንብ ይጥረጉ። መሃል ላይ ከውፍረቱ ግማሽ የዘለቀ ቁርጥ ግን ስለቱን በየምልልሱ ይጎዳልና ቆዳውን ይቀይሩ። ለጥቂት ቀናት በደነዘ የጠረጴዛ ቢላ ማገላበጥ ይለማመዱ፤ እጅዎ ስለቱን ቀድሞ ማንሳት ሲያቆም ወደ ምላጩ ይመለሱ።

ጥያቄ፦ እዚሁ ሀገር ቤት ከሚገኝ ቆዳ መሥራት ይቻላል? የበግ ሌጦ ይሆናል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የኢትዮጵያ የደጋ በግ ሌጦ በዓለም የእጅ ጓንት ሠሪዎች ዘንድ የተወደደው ስስ፣ ለስላሳና ጠንካራ ስለሆነ ነው። ለጓንት የሚጠቅመው ይህ ልስላሴ ግን ለምላጭ አይሆንም፤ ይለጠጣል። የሚፈልጉት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በዕፅዋት የለፋ የበሬ ወይም የላም ቆዳ ነው። ከጀርባው አካባቢ ይቆረጥ፤ የሆዱ ቆዳ ይላላል። 50 ሴንቲ ሜትር በ7 ሴንቲ ሜትር በቂ ነው። ሲገዙ የተቆረጠውን ጠርዝ ይዩ፦ መሃሉ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ከመሰለ ብዙውን ጊዜ በዕፅዋት ሳይሆን በክሮም የለፋ ነው። ፊቱ ላይ የእሾህ ጭረት ወይም የመተኮሻ ጠባሳ ያለበትን አይውሰዱ። ቀበቶ እናድርግ ለሚሉ፦ አብዛኛው ቀበቶ ፊቱ ላይ ቀለምና ፕላስቲክ መሰል ሽፋን አለው፤ ምላጩን ያዝ አያደርግም። የጫማ ሶላ ቆዳ ለመንጠልጠል ይደርቃል፣ ሰሌዳ ላይ ግን ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ አረንጓዴውን የምላጭ መሳያ ቅባት በየቀኑ ቆዳው ላይ ላድርግ? (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ በየቀኑ አይሆንም፤ በዋናው ቆዳ ላይ ደግሞ በፍጹም። አረንጓዴው ክሮሚየም ኦክሳይድ ነው፤ ለምላጭ የሚሆነው 0.5 ማይክሮን ያህል የደቀቀው ነው። እንደ ድንጋይ ብረት ስለሚበላ አዘውትሮ መጠቀም ስለቱን ያድቦለቡላል፤ ቆዳው ውስጥ ከገባም አይለቅም። ለብቻው የተለየ ሰሌዳ ያዘጋጁ፣ በስሱ ይቀቡ፣ ምላጩ መንጨት ሲጀምር ብቻ ከ5 እስከ 10 ምልልስ ይስጡት። ከዚያ ምላጩን በደንብ ጠርገው ወደ ንጹሑ ቆዳ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ፀጉር ቤት አለኝ። ለደንበኞቼ እንዲህ ዓይነት ምላጭና ቆዳ ብጠቀም ጥሩ አይመስላችሁም? (ከዱባይ)

መልስ፦ አይመስለንም፤ እባክዎ አያድርጉት። ምላጩን ማምከን ቢችሉ እንኳ ቆዳው ደምና እርጥበት ይመጥጣል፤ ሳይበላሽ የሚመክንበት መንገድ የለውም። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ለደንበኛ ላሜታው የሚቀየር ምላጭ ይጠቀሙ፤ አዲሱን ላሜታ እያየ ይክፈቱለት፣ ያገለገለውንም ስለት በማይበሳው ዕቃ ውስጥ ይጣሉት። ቤት ውስጥም ቢሆን አባትና ልጅ በአንድ ምላጭና በአንድ ቆዳ አይጠቀሙ፤ ለእያንዳንዱ የየራሱ ይኑረው።