የድሮ ኪቦርድ ድንጋይ ሲደክም፦ ብሎን ከመፍታትህ በፊት ድምፆቹን አውጣ

ጥያቄው ከኮምቦልቻ ነው። «ጋሼ፣ ከአጎቴ የወረስኩት ያማሃ ዲኤክስ 7 ኪቦርድ አለኝ። አጎቴ ሰርግ ላይ ሲጫወቱ የኖሩበት ነው፤ አምባሰልና ባቲ የሚጫወቱባቸውን ማሲንቆና ዋሽንት መሰል ድምፆች ራሳቸው ሠርተው ውስጡ አስቀምጠዋል። ፋንክሽን 14 ላይ የባትሪውን ቮልት ሳየው 2.3 ይላል። አንድ ሠሪ ‹ድንጋዩን ቀይሬ በአንድ ሰዓት እመልስልሃለሁ› አለኝ። ልስጠው? ጓደኛዬም ኮርግ ኤም 1 አለው፤ ሲያበራው ‹ባትሪ ሎው› የሚል ጽሑፍ ይመጣበታል።»

አብሽር ወንድሜ፣ ድምፆቹ አሁንም አሉ። አጎትህንም ነፍሳቸውን ይማር። ግን ኪቦርዱን ዛሬ አትስጠው። ድንጋዩን እንደ ግድግዳ ሰዓት ድንጋይ አውጥቶ ሌላ መክተት ነው ብሎ የሚያስብ ሠሪ ብዙ ነው። ዲኤክስ 7 ላይ ድንጋዩ ከቦርዱ በተነሣበት ቅጽበት ውስጡ የተቀመጡት 32ቱም ድምፆች ይጠፋሉ። የፋብሪካውን ድምፆች ከኢንተርኔት አውርዶ መመለስ ይቻላል፤ የአጎትህን ግን ከየትም አታመጣቸውም።

ምክንያቱ ይህ ነው። መሣሪያው በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ድምፆቹ የተቀመጡበት ራም ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ብቻ የሚያስታውስ ቺፕ ነው። ኪቦርዱ ሲበራ ከመብራቱ ይመገባል፤ ሲጠፋ ደግሞ ቦርዱ ላይ ከተበየደችው ሲአር 2032 ድንጋይ። የሚወስደው በጣም ጥቂት ነው። ድንጋዩ 220 ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ቺፑ 5 ማይክሮ አምፒር ቢወስድ 5 ዓመት፣ 2 ብቻ ቢወስድ ከ12 ዓመት በላይ ይቆያል። አልጋ ሥር የተቀመጠ ኪቦርድ ሁልጊዜ ከሚጫወቱበት ቀድሞ ድንጋዩን የሚጨርሰው ለዚህ ነው። እንዲህ ያሉ ቺፖች የያዙትን ላለመርሳት አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 2 ቮልት ይፈልጋሉ፤ ከድንጋዩ እስከ ቺፑ ባለው መንገድ ላይ የምትቀመጥ ዳዮድም (ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ዕቃ) ቮልቱን ትንሽ ትቀንሳለች። እኔ 2.5 ሲደርስ ነው የምቀይረው። 2.3 ላይ ደርሰህ «ከሰርጉ በኋላ» ማለት አይገባም።

ስለዚህ መጀመሪያ ድምፆቹን ወደ ኮምፒውተር አውጣ። የሚያስፈልግህ የማይዲ ገመድ (ኪቦርድና ኮምፒውተር የሚነጋገሩበት) ከዩኤስቢ መቀየሪያ ጋርና የሲስኤክስ (ኪቦርዱ ድምፆቹን ጠቅልሎ የሚልክበት መልእክት) መቀበያ ፕሮግራም ነው። ከኪቦርዱ ማይዲ አውት ወደ መቀየሪያው ኢን አስገባ። ፋንክሽን ተጭነህ 8ን ደጋግመህ ንካ፤ ‹ሲስ ኢንፎ› ሲመጣ ‹የስ› ብለህ ክፍት አድርገው፤ ቀጥሎ ‹ማይዲ ትራንስሚት› ብሎ ሲጠይቅህ ኮምፒውተሩ መቀበል መጀመሩን አይተህ ‹የስ› በል። ከአንድ ሰከንድ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ያልቃል።

እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሸወዱት። ፋይል መጣ ማለት ድምፅ ዳነ ማለት አይደለም። ርካሽ የዩኤስቢ መቀየሪያዎች ረጅም መልእክት ሲመጣባቸው መሃሉን ይጥላሉ። ስለዚህ የፋይሉን መጠን ተመልከት፦ ልክ 4,104 ባይት መሆን አለበት። እያንዳንዱ ድምፅ 128 ባይት ነው፤ በ32 ስታባዛው 4,096፤ ቀሪው 8 መክፈቻው፣ ማረጋገጫውና መዝጊያው ነው። አንድም ቢጎድል ወይም ቢተርፍ ፋይሉ አይረባም፤ መቀየሪያውን ለውጠህ እንደገና ሞክር። ልክ ከሆነ ደግሞ ዲኤክስ 7ን ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለውን ዴክስድ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጫንና ፋይሉን ክፈትበት። አጎትህ በላቲን ፊደል የጻፏቸው ስሞች በዝርዝር መምጣት አለባቸው፤ ስም ከ10 ፊደል ስለማያልፍ አሳጥረው ጽፈዋቸው ይሆናል። አንድ በአንድ እየመረጥህ ተጫወት፤ በጆሮህ ከኪቦርዱ ጋር አስተያይ። ከዚያ ፋይሉን ለራስህም ለባንድ ጓደኞችህም በቴሌግራም ላክ። 4 ኪሎ ባይት ነው፤ ካርድህን አይበላም።

ይህ ሳይሆን ድንጋዩን የሚነካ ሰው ካለ ካቻቢቴውን ንጠቀው።

መቀየሩ አጭር ነው። ከሶኬት ንቀል፤ ውስጡ ትራንስፎርመር ስላለ ይህን አትርሳ። ብሎኖቹን ፍታና ክዳኑን ቀስ ብለህ አንሳ፤ ገመዶቹን እንዳትጎትት። ድንጋዩ በየት በኩል ፕላስ እንደሆነ በስልክህ ፎቶ አንሣው። አዲሱን ድንጋይ በቀጥታ አትበይድበት፤ ሊቲየም በካውያ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። የምመክርህ የድንጋይ መያዣ ገዝተህ፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ በይደህ ማስገባት ነው፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ካውያ አያስፈልግህም። ቦርዱን ገልብጦ ሊድ መምጠጥ ካስፈራህ የአሮጌውን ድንጋይ ምላሶች ቆርጠህ ቦርዱ ላይ በቀሩት ጫፎች ላይ ሽቦዎቹን በይድ። ሶኬትህ ኧርዝ ከሌለው ካውያው ከጋለ በኋላ ከሶኬት ነቅለህ በይድ። መያዣውን ብረት እንዳይነካ በደንብ ለጥፈው።

ድንጋይ ስትገዛ ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ኤልአይአር 2032 የሚባል፣ መልኩና መጠኑ አንድ የሆነ ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ አለ፤ ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ለዚህ ቦታ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ሱቅ ውስጥ የከረመ ድንጋይ በቴስተር ሲለካ 3 ቮልት ሊያሳይህ ይችላል። 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ለጥቂት ሰከንድ አገናኝበትና እንደተገናኘ ለካው፤ ወደ 3 ተጠግቶ ከቆየ ደህና ነው፤ ቁልቁል ከወረደ መልስለት።

ኪቦርዱን ስታበራው የድምፆቹ ስም የማይነበብ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ አትደንግጥ። ‹ሚሞሪ ፕሮቴክት› (የድምፆቹ መቆለፊያ) የሚለውን ለኢንተርናል፣ ማለትም ለኪቦርዱ የውስጥ ማስቀመጫ፣ አጥፋ፤ አለበለዚያ የምትልከውን አይቀበልም። ሲስ ኢንፎውን ክፍት አድርግ፤ ገመዱን አሁን ከኮምፒውተሩ ወደ ኪቦርዱ ማይዲ ኢን አዙርና ፋይሉን ላክ። ከዚያ ፕሮቴክቱን መልሰህ አብራ።

የጓደኛህ ኤም 1 ነገሩ ያው ነው፤ ድንጋዩም ሲአር 2032 ነው። እሱ ላይ ግን ሲክወንሰሩ (የተጫወቱትን መዝግቦ መልሶ የሚያጫውተው ክፍል) ውስጥ የተቀዱ ዜማዎችም በዚያው ድንጋይ ስለሚቆዩ ድምፆቹን ብቻ አውጥቶ እንዳይረካ ንገረው፤ ከግሎባል ገጹ ሁሉንም ይላክ።

ከባንዳችሁ መካከል የ1981 እ.ኤ.አ. ኮርግ ፖሊሲክስ የሚባል ኪቦርድ ያለው ሰው ካለ ግን ቮልት ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ይክፈተው። የእሱ ድንጋይ ቻርጅ የሚደረግ ኒኬል ካድሚየም ነው፤ ሲያረጅ ያለቅስና የቦርዱን መስመር ይበላል። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካየ ድንጋዩን ያውጣ፤ ፈሳሹ አልካላይን ስለሆነ በጥጥ አቼቶ ነክሮ ይጥረገው፤ ከዚያ በአልኮል አጥቦ በደንብ ያድርቀው። የተበላ መስመር ካለ በቀጭን ሽቦ ሳይቀጠል መብራት ላይ አይሰካው።