«ጠባዩ ነው» ብዬ የሸኘሁት ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ማኪያቶዬን ይዤ ተቀምጬ ሳለ አንዲት የሕክምና ተማሪ ሰላም ልትለኝ መጣች። «ዶክተር፣ ወደፊት ጠባይና የአእምሮ ሕመም በደም ምርመራ ይለያሉ?» አለችኝ። ቶሎ አልመለስኩላትም።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው። አንዲት እናት የ19 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። በነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ቋጥረዋል። ልጁ መሬት መሬቱን ያያል። «ዶክተርዬ፣ ልጄ የድሮ ልጄን አልመስል አለኝ» አሉ።

«ድሮስ ተጫዋች ነበር?»

«ኧረ ከሕፃንነቱ ዝምተኛ ነው። አሁን ግን ኳስ እንኳ...»

አላስጨረስኳቸውም። ውጭ ወረፋው ረጅም ነበር፤ እኔም ምሳ አልበላሁም። «ጠባዩ ነው እናቴ፣ አያስቡ» አልኳቸው። አመስግነው ቆሎውን ጠረጴዛዬ ላይ ፈቱልኝ። በላሁት።

ከ14 ወር በኋላ ተመለሱ። የልጁ ቁርጭምጭሚት ላይ የገመድ ጠባሳ ነበር። ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው። መድኃኒቱ ረዳው፤ ትምህርቱ ግን በዚያው ቀረ።

ለተማሪዋ የማውቀውን ነገርኳት። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጀሮም ኬገን የአራት ወር ሕፃናትን አዲስ ነገር እያሳየ ሲያጠና፣ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ይንፈራገጥና ያለቅስ ነበር። እነዚህ ሲያድጉ ዓይን አፋርነት ያደላባቸዋል፤ አብዛኞቹ ግን አልታመሙም። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ ከስኪዞፍሬንያ ጋር የተያያዙ 287 የዘረመል ቦታዎችን ለይቷል። የእያንዳንዱ ድርሻ ቅንጣት ታህል ነው። በዚያ ላይ ናሙናው በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የተወሰደ ነው። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ደቡብ አፍሪካ አብረው የገቡበትን የዘረመል ጥናት በጉጉት የምጠብቀው ለዚህ ነው። የደም ምርመራው ግን ገና ነው።

እናንተ ልጆች ደግሞ አንድ ቲክቶክ አይታችሁ «ዲፕረስድ ነኝ» ትላላችሁ። ያናድደኛል። ግን ያ ልጅ ቲክቶክ ቢኖረው ኖሮ ቀድሞ ይመጣ ነበር ይሆን? እንጃ።

«እናትየው ስለ ኳስ ምን ሊሉ ነበር?» አለችኝ ተማሪዋ።

ሁለተኛ ሲመጡ ጠይቄያቸዋለሁ። ልጁ እሁድ እሁድ ከወንድሙ ጋር ስታዲየም አይቀርም ነበር። ያን ሰሞን ግን በሬዲዮ ጨዋታ ሲተላለፍ እየሮጠ ይዘጋዋል። «ጋዜጠኛው ስሜን እየጠራ ይሰድበኛል» ይላቸው ነበር።