አይጦቹን ይተዉ፣ ክኒኑን ግን አይተዉ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ27 ዓመት ሴት ነኝ። የሚጥል በሽታ ስላለብኝ ለ6 ዓመት ሶዲየም ቫልፕሮኤት ወስጃለሁ። አሁን ከባለቤቴ ጋር ልጅ አስበናል። በሽታው ስላለባቸው የላቦራቶሪ አይጦች ሳነብ ግን ልጆቻቸው እድገታቸው የዘገየ ነው ይላል። ደነገጥኩ። መድኃኒቱን ላቁመው? በሽታዬስ ወደ ልጄ ይተላለፋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከማርገዝዎ በፊት መጠየቅዎ ትልቅ ነገር ነው። ብዙዎች የሚመጡት ሆዳቸው ከገፋ በኋላ ነው።

ያነበቡት ጽሑፍ ሁለት ዓይነት አይጦችን የቀላቀለ ይመስለኛል። አንደኞቹ በሽታው በዘር ያለባቸው ናቸው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ውስጥ ተመራማሪዎች የአይጦችን የአንጎል ሞገድ ሲመዘግቡ 30 በመቶ በሚሆኑት ላይ የበሽታውን ምልክት አዩ። እነዚያን እርስ በርስ እያዳቀሉ ጥቂት ትውልድ እንደሄዱ ሁሉም በሽታው ያለባቸው ሆኑ። አይወድቁም፣ አይንፈራገጡም። ለ20 ሰከንድ ያህል ፍዝዝ ይሉና ጢማቸው ብቻ ይርገበገባል። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ እነሱ ጋ በእናትም በአባትም ያው ዘር ነው። በሰው ግን እናትየው የሚጥል በሽታ ቢኖርባትም ከ100 ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት አይዛቸውም።

ሞስኮ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት ደግሞ ደስ ይለኛል። ተመሳሳይ በሽታ ያለባቸው አይጦች ልጆች እንደተወለዱ ተወስደው፣ ልጆቿን ደህና አድርጋ በምትልስ ጤነኛ እናት ሥር አደጉ። ሲያድጉ የሚፈዙበት ጊዜ ቀነሰ።

ሁለተኞቹ አይጦች ጤነኞች ናቸው። በእርግዝናቸው 12ኛ ቀን ገደማ ቫልፕሮኤት ይወጋሉ፤ ለዚያውም በኪሎ እስከ 600 ሚሊግራም በአንዴ። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ባለ 500ውን ክኒን 72 ፍሬ ባንዴ ዋጠች እንደማለት ነው። ልጆቻቸው ክብደታቸው ያንሳል፣ እንቅስቃሴያቸው ይዘገያል፣ የጎጇቸውን ሽታ ለይተው መሄድ ያቅታቸዋል።

መጠኑ የተጋነነ ነው ብለው ግን አይናቁት። ሰው በሚወስደው በተለመደው መጠንም ቢሆን፣ በእርግዝና ጊዜ ቫልፕሮኤት ከወሰዱ እናቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት 10 ያህሉ የአካል ጉድለት ይኖራቸዋል። ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ በንግግር፣ በእግር መሄድ ወይም በትምህርት ሊዘገዩ ይችላሉ። ስለዚህ እኔን ያሳሰበኝ በሽታዎ አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው።

ታዲያ ላቁመው? በጭራሽ! በድንገት ሲቆም በሽታው በላይ በላዩ ሊነሳ ይችላል፤ ያ ለእርስዎም ለጽንሱም አደገኛ ነው። የነርቭ ሐኪም ጋ ይሂዱና ወደ ላሞትሪጂን ወይም ሌቬቲራሴታም መቀየር ይቻል እንደሆነ ይነጋገሩ። ቅያሪው ቀስ በቀስ ስለሚሆን እስኪያልቅ ድረስ የወሊድ መከላከያ ይጠቀሙ። ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚንም ከአሁኑ ያስጀምሩዎት። የሚያስፈልገው አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ለሚሆነው ለጽንሱ የአከርካሪ ቱቦ ነው፤ ቱቦው ደግሞ ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ይዘጋል፤ ያኔ ማርገዝዎን እንኳ ላያውቁ ይችላሉ። ጸበል የሚሄዱ ከሆነም ክኒንዎን ይዘው ይሂዱ።

ለባለቤትዎም ይንገሯቸው፦ ከጣለዎት ክብሪት ማሽተት የለም። በግራ ጎን ያስተኙዎት፣ ሰዓት ይመልከቱ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ቀጥታ ሆስፒታል። ደግሞ ወር አበባዎ ከአሁኑ ቀርቶ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ። ክኒንዎን ሳያቋርጡ በዚሁ ሳምንት ይሂዱ።