ስልክሽ ላይ 3ኛ፣ ወንድምሽ ጋ 2ኛ ገጽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሐረር ጁገል ውስጥ ያለው የእንግዳ ማረፊያሽ ዌብሳይት ጎግል ላይ ስትፈልጊው ስልክሽ ላይ 3ኛ ይወጣል። አዲስ አበባ ያለው ወንድምሽ ሲፈልገው 2ኛ ገጽ ላይ ነው። በማግስቱ ደግሞ ተገላቢጦሽ። «ጎግል ቀጥቶኝ ይሆን? የገጾቹን ርእስ ልቀይር?» ብለሻል። እባክሽ አትቀይሪ። የድሬ ልጅ ነኝና «አንቺ» እያልኩ ልንገርሽ።

1. ጎግል ብዙ ቦታ ዳታ ሴንተር (ፍለጋ የሚመልሱ ኮምፒውተሮች ያሉበት ማዕከል) አለው። ያንቺን ፍለጋ አንዱ ይመልሳል፣ የወንድምሽን ሌላው ሊመልስ ይችላል። የደረጃ ለውጥ (ዌብሳይቶችን የሚያስቀድምበትን ስሌት ማሻሻያ) ሲያወጣ ሁሉም ጋ በአንድ ሌሊት አይደርስም። አንዱ አዲሱን ሲያሳይ ሌላው ገና አሮጌው ላይ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) ይሄ በየወሩ ይመጣ ነበር፤ የሙያው ሰዎች «የጎግል ዳንስ» ይሉት ነበር። አሁን እንደ ድሮው ጎልቶ አይታይም፤ ትልቅ ለውጥ ሲወጣ ግን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

2. ሁሉንም በዳታ ሴንተር አታሳቢ። ያለሽበት ከተማ፣ የስልክሽ ቋንቋ፣ በስልክ ወይም በኮምፒውተር መክፈትሽ ውጤቱን ይቀይረዋል። ኢንኮግኒቶም (ታሪክሽን የማያስቀምጠው የብራውዘር መስኮት) ቦታሽን አይደብቅም። የፍለጋው ገጽ ግርጌ ላይ ጎግል የት ነሽ ብሎ እንደገመተ ተጽፏል፤ እሱን እዪ። እኔ እዚህ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ቁጭ ብዬ በሞባይል ዳታ ስፈልግ «አዲስ አበባ» ብሎኝ ያውቃል።

3. ለውጡ ሳያልቅ ምንም አትንኪ። እዚህ ላይ ነው እኔ የተቃጠልኩት።

ከድሬዳዋ ኤርፖርት ወደ ሐረር እንግዳ የማመላለስበት መኪና አለኝ። እንጀራዬ በዚያ ዌብሳይት ነው የሚመጣው። መጋቢት 2016 ላይ ጠዋት 2ኛ የነበርኩት ማታ ከመጀመሪያው ገጽ ጠፋሁ። ጅቡቲ ያለው የአክስቴ ልጅ ግን «እኔ ጋ አንደኛ ነህ» አለኝ። ደነገጥኩ። አዲስ አበባ ወዳለ አንድ የዌብሳይት ባለሙያዎች ቢሮ ሄድኩ፤ ስሙን አልጠራም። ልጁ ዌብሳይቴን እንኳን አልከፈተም። ከስልኩ ቀና ሳይል «ጥቁር መዝገብ ገብተሃል» አለኝ። 18,000 ብር ከፈልኩ።

ርእሶቹን ቀየሩ። ይሄ ባልከፋ። የገጾቹን አድራሻም ቀየሩት፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚመራ ሪዳይሬክት ሳያደርጉ! ሆቴሎችና ተጓዦች ለዓመታት ያስቀመጡልኝ ሊንክ ሁሉ ባዶ ገጽ ላይ ወደቀ። ለካ ያኔ ጎግል ትልቅ የደረጃ ለውጥ እያወጣ ነበር፤ የካቲት 26 ጀምሮ ሚያዝያ 11 ነው የጨረሰው፣ 45 ቀን። መጀመሩን ደግሞ በይፋ አስታውቋል። ገንዘቤን የተቀበለ ባለሙያ ይሄን ሊነግረኝ አይገባም ነበር? ለውጡ ሲያልቅ የማውቃቸው ሌሎች ወደ ቦታቸው ተመለሱ፣ እኔ ቀረሁ። የፋሲካ እንግዳ አለፈኝ። ስደውል «ጎግልን ጠይቅ» ብለው ዘጉብኝ።

ከዚያ ራሴ ተማርኩ። ማታ ማታ እየተቀመጥኩ 34 ገጽ አንድ በአንድ በ301 ሪዳይሬክት (አድራሻው ለዘለቄታው መቀየሩን በሚናገረው) አገናኘሁ። ወራት ፈጀብኝ፣ ግን ማንም ሳይረዳኝ መለስኩት። በዚህ እኮራለሁ።

አንቺ የጎግልን ሰርች ስታተስ ዳሽቦርድ (የፍለጋ ለውጦቹን የሚያሳውቅበት ገጽ) ክፈቺ። ለውጥ እየተካሄደ ከሆነ የጀመረበት ቀን አለ፤ ሲያልቅም ይጻፋል። ካለቀ በኋላ አንድ ሙሉ ሳምንት ጠብቂ። ከዚያ ሰርች ኮንሶል (ጎግል ለዌብሳይት ባለቤቶች የሚሰጠው መከታተያ) ገብተሽ ያንን ሳምንት ለውጡ ከመጀመሩ በፊት ካለው ሳምንት ጋር አወዳድሪ። ስልክሽ ላይ የምታዪውን ደረጃ ተዪው፤ አማካይ ደረጃውንና ክሊኩን እዪ። ክሊኩ ካልቀነሰ እንግዳ እያገኘሽ ነው።

ቀንሶ ካገኘሽው የትኛው ገጽ እንደሆነ እዚሁ ጻፊልኝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ እገባለሁ፣ አብረን እናየዋለን። ለዚያ ቢሮ ዓይነት ሰው ግን አምስት ሳንቲም እንዳትከፍዪ።