ቆጣሪውን ዘጋሁት፣ ውሀው ግን አልቆመም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው። ባለፈው ሳምንት ውሀ ለአራት ቀን ጠፍቶ ከሮቶ ስንጠቀም ከርመን ሌሊት 8 ሰዓት አካባቢ መጣ፣ እኔ ተኝቻለሁ፣ ኩሽና ውስጥ የሆነ ነገር ጧ ሲል ነቃሁና ሄጄ ሳይ ከላቫንዲኖው ስር ግድግዳው ጋ ያለው ቧንቧ ፈንድቶ ውሀው ሳሎን ደርሷል። በነጠላ ጫማ እየሮጥኩ ወርጄ ቆጣሪውን ዘጋሁት፣ ተመልሼ ስመጣ ያው እየፈሰሰ ነው! አንድ ሰዓት ሙሉ በባሊ ስቀዳ ስደፋ አደርኩ፣ ታች ያሉት እናት ኮርኒሳቸው ላይ ወርዶባቸው ደንግጠው መጡ። ቆጣሪ ተዘግቶ ውሀ ከየት ይመጣል? ቧንቧ ሰራተኛው ደግሞ ሙሉ መስመሩ ካልተቀየረ ነገም ይፈነዳል እያለኝ ነው፣ እውነቱን ነው?

መልስ፦ እህቴ እንኳን አንቺን አተረፈሽ፣ እርጥብ ወለል ላይ በሌሊት መሯሯጥ ቀላል ነገር አይደለም። መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል እኮ፣ አራት ቀን ውሀ ጠፍቶ ከሮቶ ስትጠቀሙ ነበር ብለሻል። ቆጣሪውን ስትዘጊ የከተማውን ውሀ ነው የዘጋሽው፣ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ግን በራሱ ክብደት ቁልቁል መውረዱን ይቀጥላል፣ ቆጣሪውን አያውቀውም። በደቂቃ 20 ሊትር ቢፈስ 1000 ሊትር ሮቶ ለመጨረስ 50 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ያ አንድ ሰዓት የቀዳሽው ውሀ እሱ ነው። በዚ ምክንያት ስንት ቤት ፓርኬው ተነስቶ፣ የቁም ሳጥን እግር አብጦ አይቻለሁ፣ ሰው ቆጣሪውን ይዘጋና በቃ ይቆማል ብሎ ቆሞ ያያል።

ስለዚ መጀመሪያ የምትሰሪው ስራ ቧንቧ መቀየር አይደለም። የከተማው መስመርና የሮቶው መስመር ተገናኝተው ወደ ቤትሽ የሚገቡበት አንድ ቦታ አለ፣ ብዙ ግዜ ሻወር ቤት ግድግዳ ላይ ወይ በር አካባቢ ነው፣ እዛ ላይ አንድ ቦል ቫልቭ አስገጥሚ፣ ባለ እጀታ የሆነውን። እጀታው ከቧንቧው ጋር አንድ አቅጣጫ ሲሆን ክፍት ነው፣ ቧንቧውን ሲያቋርጠው ዝግ ነው፣ በጨለማም በእጅ ዳሰሳ ይታወቃል። አንድ እጀታ ሁለቱንም ይዘጋልሻል ማለት ነው። በየሁለት ሶስት ወሩ አንዴ ዘግተሽ ክፈቺው፣ ሳይነካ ዓመት የቆየ ቫልቭ በጭንቅ ሰዓት ይደርቅና አልዞር ይላል። ልጆቹንም አሳዪያቸው፣ ቤት ያለችውን ልጅም፣ አንቺ ስራ ቦታ ሆነሽ ቢፈነዳስ?

ለሚቀጥለው ግን፣ እግዜር አያምጣው፣ ቫልቩ እስኪዘጋ ባሉት ደቂቃዎች የሻወሩንና የሽንት ቤቱን ቧንቧ በሙሉ ክፈቻቸው፣ ውሀው ወለል ላይ ከሚፈስ ወደ ፍሳሽ መውጫው ይሂድ፣ የፈነዳውም ላይ ግፊቱ ይቀንሳል። የተሰበረው ላይ ወፍራም ፎጣ ጠምጥመሽ ጫፉን ባሊ ውስጥ ብትከቺው ውሀው መረጨቱን ትቶ በጨርቁ ተከትሎ ይወርዳል፣ ይቺ ትንሽ ነገር ግድግዳና ሶኬት ታድናለች። ውሀው ወደ ሶኬት ወይ ወደ ማከፋፈያ ገመድ ከተጠጋ ደግሞ ከምንም በፊት ብሬከሩን አውርጂ፣ ብሬከሩ ጋ ለመድረስ ውሀ መርገጥ ካለብሽ ግን አትሂጂ፣ ከቤት ውጪ ያለውን አጥፊ። ቦይለር ካለሽም አጥፊው፣ ውሀ ሳይኖረው ከሰራ ውስጡ ይቃጠላል።

ለምን ሌሊት? ውሀ ሲጠፋ መስመሩ በአየር ይሞላል፣ ሲመለስ ውሀው ያንን አየር እየገፋ ይመጣና የተዘጋ ቧንቧ ጋ ሲደርስ በድንገት ይቆማል፣ ያ ድንጋጤ ነው ደካማውን መገጣጠሚያ የሚመታው። በዛ ላይ ሌሊት ከተማው ተኝቷል፣ የሚቀዳ ሰው ስለሌለ ግፊቱ ከቀን ይበልጣል። አዲስ አበባ ደግሞ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ቁልቁለት ናት፣ ውሀው ቁልቁል በወረደ በየ10 ሜትሩ 1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ግፊት ይጨመራል። ስለዚ ውሀ ጠፍቶ ከቆየ ልትተኚ ስትይ የከተማውን መስመር ቆጣሪው ጋ አጥብበሽ ትንሽ ብቻ ክፍት ተይው፣ ቀስ ብሎ ይግባ።

አሁን ሰራተኛው ያለውን እንይ። ቆርጦ ያወጣውን ቁራጭ ጣለው? ካልጣለው አምጪና እዪው። ቧንቧሽ ፒፒአር (በሙቀት የሚበየደው ፕላስቲክ) ከሆነና የተላቀቀው መገጣጠሚያው ላይ ከሆነ ጥፋቱ የብየዳ ነው፣ መስመሩ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። በደንብ የተበየደ ፒፒአር ኤልቦው (መታጠፊያው) አፍ ላይ ዙሪያውን የቀለጠ እኩል ቀለበት ይታያል፣ ያንቺው አንድ ጎኑ ቀለበት ኖሮት ሌላው ልስልስ ብሎ ባዶ ከሆነ አልተያያዘም ነበር። ማሽኑ 260 ዲግሪ መድረስ አለበት፣ 20 ሚሊሜትሩ 5 ሴኮንድ ያህል ይሞቃል፣ ሳይጠማዘዝ ቀጥ ብሎ ይገባል። ቧንቧው ውስጥ ውሀ እየተንጠባጠበ ከተበየደ ደግሞ አይዝም፣ እና ብዙ ሰራተኛ ስለሚቸኩል ሳይደርቅ ይበይዳል፣ ቆሜ አያለሁ በይው መብትሽ ነው። ቁራጩ ራሱ በርዝመቱ ተሰንጥቆ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ላዩ ላይ ፒኤን የሚለውን የግፊት አቅም ቁጥር አንብቢ፣ 10 ከሆነ ስስ ነው፣ 20 ጠንካራው ነው። የድሮ የብረት ቱቦ ሆኖ ውስጡ በዝገት ጠቦ እርሳስ እንኳ የማያሳልፍ ከሆነማ ሰውዬው ልክ ነው፣ ቀይሪው።

ታች ያሉትን እናት ደግሞ በቀን ሄደሽ ኮርኒሳቸውን አብራችሁ እዩት። ቶሎ ቀለም እንዳታስቀቢላቸው፣ ሶሌታው ሳይደርቅ የተቀባ ቀለም ተልጦ ይወርዳል፣ ሳምንታት ጠብቂ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ዳላስ ነኝ። ለገና ከነቤተሰቤ አዲስ አበባ እመጣለሁ፣ ቤቱ ለአንድ ወር ባዶ ነው። በፌብሩዋሪ 2021 በዛ ብርድ ግዜ የጓደኛዬ ቤት ቧንቧ ፈንድቶ ኮርኒሱ ሳሎን ላይ ወድቆበታል፣ እኔም ፈራሁ።

መልስ፦ ወንድሜ መፍራትህ ልክ ነው፣ ያኔ ቴክሳስ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ቤቶች ሲቀዘቅዙ ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሆነው፣ ብዙ ቤት ቧንቧው በጣሪያ ስር ስለሚያልፍ። ውሀ ሲረጋ በ9 በመቶ ያህል ይሰፋል፣ ቧንቧውን የሚሰብረው ግን ብዙ ግዜ በረዶው በቀጥታ ገፍቶት አይደለም፣ በበረዶውና በተዘጋው ቧንቧ መሀል የታፈነው ውሀ መሄጃ ሲያጣ ነው። በብርድ ሌሊት ቧንቧ ትንሽ ይንጠባጠብ የሚባለው ለዚ ነው። አንተ ግን ስለማትኖር ማንጠባጠብ አይሆንም፣ ዋናውን ዝጋ። መንገድ ዳር መሬት ውስጥ ክዳን ያለው የቆጣሪ ሳጥን አለ፣ ቤቱ ራሱ የራሱ መዝጊያ ካለው በሱ ዝጋ። ከዛ የላይኛውንም የታችኛውንም ቧንቧ ክፈትና ውስጡ ያለው ውሀ ይውጣ፣ የውሀ ማሞቂያውንም ሳትረሳ አጥፋ። ቤቱን የሚያሞቀውን ሂተር ግን እንዳታጠፋው፣ 55 ፋራናይት ላይ ተወው። ቁልፉን ለምታምነው ጎረቤት ስጥ፣ ከመሄድህ በፊትም የቤቱን እቃ በስልክህ አንሳው፣ ኢንሹራንስ መጀመሪያ የሚጠይቅህ ፎቶ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ እንዴት ነህ፣ ባህር ዳር ነው ያለሁት፣ ብቻዬን እየኖርኩ የውሀ ቢሌ እጥፍ ሆነ፣ የፈነዳ ነገር ግን አይታየኝም።

መልስ፦ እማማ ከመሬት ስር ወይ ከሽንት ቤቱ ታንከር ሊሆን ይችላል። ማታ ሲተኙ ሁሉንም ቧንቧ ዘግተው ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር በወረቀት ይጻፉት፣ መሀሉ ላይ ያለችዋ ውሀ ሲያልፍ የምትዞር ትንሽ ቀይ ጥርስም ቆማ እንደሆነ ይዩ። ሮቶ ካለዎት መሙላቱን ያረጋግጡ፣ እሱ ሲሞላ ቆጣሪው መዞሩ አይቀርም። ጠዋት ቁጥሩ ተቀይሮ ካገኙት ታንከሩ ውስጥ ትንሽ የምግብ ቀለም ጠብ ያድርጉ፣ ውሀ ሳይለቁበት ግማሽ ሰዓት ቆይተው ይዩት፣ መቀመጫው ውስጥ ቀለሙ ከመጣ ውስጡ ያለው ጎማ ነው፣ እሱ በርካሽ ይቀየራል። ካልመጣ ሰራተኛ ይጥሩና ከቆጣሪው እስከ ቤት ያለውን መስመር ያሳዩት፣ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የእርስዎ ነው፣ ከቆጣሪው ወዲያ ያለው ደግሞ የውሀ መስሪያ ቤቱ ነው፣ እዛ ላይ ካፈሰሰ ለነሱ ይደውሉ እንጂ ገንዘብ አያውጡ።