ኑሮን በተፈጥሮ ለማቅለል፦ ከሩቅ ጉዞ ይልቅ ከአንድ ዛፍ ጀምሪ

«ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ከሥራ መልስ ስልክ ላይ ነው የማመሸው፣ ቤቱም በዕቃ ተጨናንቋል። ተፈጥሮ ኑሮን ያቀላል ሲባል እሰማለሁ፤ ታዲያ የት ልሂድ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦

የት ልሂድ የሚለውን ለጊዜው ተዪው። ወንጪ ወይም ላንጋኖ ደርሶ መምጣት ደስ ይላል፣ ሰኞ ጠዋት ግን ያው ኑሮ ነው። ሰው ኑሮውን ሲቀይር የሚታየው ቅርብ የሆነ አንድ ቦታ ሲመላለስ ነው።

ስለዚህ አንድ ዛፍ ምረጪ። ከቤትሽ በእግር ከ15 ደቂቃ አይራቅ፤ ታክሲ የሚያሲዝ ከሆነ ሁለት ሳምንትም አይዘልቅም። አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ የሚመቸው የደብር ግቢ ነው። ያረጀ ጥድና ወይራ አለው፣ በጠዋት ክፍት ነው፣ ስልክ ይዞ መጎርጎርም እዚያ ያሳፍራል። ደብር የማትሄጂ ከሆነ የሰፈር መናፈሻ ይበቃል። የዛፉ ዓይነት ግን ለውጥ አለው። ጥድ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ስለሆነ ጀማሪን ያሰለቻል። ብሳና ካገኘሽ እሱን ያዢ፤ ያረጀ ቅጠሉ ብርቱካንማ ሆኖ ሲረግፍ፣ አዲሱ ሲያቆጠቁጥ በዓይን ይታያል። ዋንዛም ጥሩ ነው። እንጦጦን ብዙ ሰው ይመክራል፤ አየሩ ግሩም ቢሆንም አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፣ ከሥሩ ሌላ ተክል እምብዛም ስለማይበቅል የሚታየው ነገር ትንሽ ነው።

በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ሁለቱን ከሥራ በፊት፣ አንዱን እሑድ፣ 20 ደቂቃ ተቀመጪ። ስልኩ ቤት ይቅር፤ ለሰዓት የእጅ ሰዓት እሰሪ። የመጀመሪያው 10 ደቂቃ ሐሳብ ይጋልባል፣ «ምን አስቀመጠኝ?» ያሰኛል። አብዛኛው ሰው ተነሥቶ የሚሄደው እዚች ላይ ነው፣ ማየት የሚጀመረው ግን ከእሷ በኋላ ነው። ሌላው የሚያበላሸው ፎቶ ነው፦ አንዴ ካነሣሽ ዓይንሽ ለሰው የሚታየውን እንጂ ያለውን አይፈልግም።

ስትመለሺ ደብተር ላይ ሦስት ነገር ጻፊ፦ ቀኑን፣ ዛፉ ላይ የተለወጠውን፣ የሰማሽውን ድምፅ። በወሩ መጨረሻ አንብቢውና ከኑሮሽ የሚቀነስ *አንድ* ነገር ወስኚ። ሁለት አይሁን። አምስት ነገር ባንዴ የሚተው ሰው በሦስተኛው ሳምንት አምስቱንም መልሶ ያነሣቸዋል።

የመጀመሪያው ቅነሳ የምሽት ስልክ ይሁን። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው ከንጋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው፣ የምትጠልቀውም ከምሽቱ 12 እስከ 1። በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ አውሮፓ ያለ ወገናችን በብርዱ ወራት ከፀሐይ ጋር ልነሣ ቢል ሥራው ያልፈዋል። ምሽት 3 ሰዓት ላይ ስልኩን ሳሎን ቻርጅ አድርገሽ መኝታ ቤት ብቻሽን ግቢ። «አላርሜ እሱ ነው» የሚለው ሰበብ እንዲቀር ባለ ደወል ሰዓት ግዢ። መጋረጃውን ትንሽ ገለጥ አድርገሽ ከተኛሽ ብርሃኑ ራሱ ይቀሰቅሳል፤ የመንገድ መብራት የሚገባበት መስኮት ከሆነ ግን አይሆንም።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ለወራት ያልነካሽውን የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ክተቺ፣ እሰሪ፣ ቀን ጻፊበት። ሙሉ ዓመት ጠብቂ። ችኩሎች ኅዳር ላይ የክረምት ጃኬት ይሰጡና ሐምሌ ላይ ሌላ ይገዛሉ። ዓመት ሞልቶ ካልተፈታ ሳትከፍቺው ስጪ፤ ከከፈትሽው ግማሹ ተመልሶ ይገባል።

በረንዳ ካለሽ ቆስጣ ዝሪ። ሦስት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ላያቸውን ቆርጠሽ፣ ከታች የትንሽ ጣት ስፋት ያላቸው አምስት ስድስት ቀዳዳ አውጪላቸው። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። ዘሩን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሪ። አንዷ የቆስጣ ፍሬ ከአንድ በላይ ችግኝ ታወጣለች፣ ስለዚህ ትርፉን ነቅለሽ በአንድ ጄሪካን ሁለት ወይም ሦስት ብቻ አስቀሪ። መንቀል ያሳዝናል፤ ካልነቀልሽ ሁሉም ይቀጭጫሉ። ከሁለት ወር በኋላ የውጪውን ቅጠል እየቆረጥሽ የመሃሉን አራት አምስት ካልነካሽ ለረጅም ጊዜ ይሰጣል።

በብዛት የሚገድለው ውኃ ማብዛት ነው። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቺ፤ ርጥበት ካለ አታጠጪ። የበረንዳሽንም አቅጣጫ እዪ። ከመስከረም እስከ መጋቢት መጨረሻ የቀትር ፀሐይ አዲስ አበባን በደቡብ በኩል ታልፋለች፤ በረንዳሽ ወደ ሰሜን ከዞረ በእነዚያ ወራት ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኝም። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ በሰሜን ስለምታልፍ ያን ጊዜ ያገኛል፣ ግን የክረምቱ ደመና ይበዛበታል። ሰሜን ለዞረ በረንዳ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ መዝራት ያዋጣል። ወደ ምሥራቅ የዞረ ከሆነ ችግር የለም።

ከሦስት ጄሪካን አትለፊ። ካክተስና ጌጠኛ ማሰሮ እየገዙ መደርደርም ያው ዕቃ መጨመር ነው።

ሩቅ መሄድ ካማረሽ በየወቅቱ አንዴ መናገሻ ሱባ ይበቃል፦ ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ የወጨጫ ተራራ ላይ ነው። ጥድና ዝግባው ትልልቅ ነው፣ ጉሬዛም ይታያል። በጠዋት ድረሺ፣ ለብቻሽ አትግቢ፣ ክረምት ላይ መንገዱ ስለሚጨቀይ ከመስከረም በኋላ ይሁን።